ስምንት ሚሊ ሜትር

ሐኪሙ «ትንሽ ናት» ባለ ጊዜ ደስ ያለው ቢሰጥ የሚባለው ወንድሟ ብቻ ነበር። ባንቺአየሁ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለች የሞቷን ወሬ የሰማች መሰላት።

ጊዜው ጥቅምት 1981 ዓ.ም. ነው። ቀኝ ጡቷን ካወጡላት ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ቦታው አዲስ አበባ፣ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከውጭ አገር ትምህርቱ ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም የምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለእሷ ነበር የሚነግራት። ለወንድሟ አይደለም፤ ለእሷ። ይህም ራሱ እንግዳ ሆነባት።

«ካንሰር ነው፤ አልደብቅዎትም» አላት። «ግን በጊዜ ነው የመጡት። ዕጢው ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። ከብብትዎ ሥር አሥራ ሁለት ንፍፊቶች አውጥተን አይተናል፤ በአንዱም ውስጥ አልገባም።»

ቢሰጥ «ተመስገን» አለና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው» አለ ሐኪሙ። «ኬሞቴራፒ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። በየሃያ አንድ ቀኑ፣ ስድስት ጊዜ። ጠጉር ያራግፋል፣ ያስታውካል፣ በሽታ የሚከላከለውን የደም ኃይል ያወርዳል። ዕጢው ትልቅ ቢሆን ወይም ንፍፊቶቹን ነክቶ ቢሆን ያለ ጥርጥር እንጀምር እልዎት ነበር። እንዲህ ትንሽ ሲሆን ግን መጻሕፍቱም አይስማሙም። እንደ እርስዎ ካሉ መቶ ሴቶች ዘጠና የሚሆኑት መድኃኒቱን ሳይወስዱም በሽታው አይመለስባቸውም። ለመቶውም ብንሰጥ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ሰው እናተርፍ ይሆናል። የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሜ ላውቅ አልችልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ባንቺአየሁ።

«እሱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ያስቡበት። ከዚያ ካለፈ ጥቅሙም ይቀንሳል።»

ባንቺአየሁ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ «አንቺ ወስኚ» ያላት ሐኪም አልገጠማትም። በምትኖርበት በፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም «ዋጪ» ይላል፤ ትውጣለች። «ውጊያት» ይላል፤ ነርሷ ትወጋታለች። የማያዝዝ ሐኪም ተስፋ የቆረጠ ሐኪም ነው። ይህ ልጅ አዋቂ ነው፣ ጨዋ አስተዳደግ ያደገ ነው፤ ሄደሽ ቤትሽ ሙች ማለት ቢከብደው በቁጥር ሸፈነው። ባንቺአየሁ የገባት እንዲህ ነው።

«ትንሽ ናት» የሚለውን ቃልም ታውቀዋለች። የራሷ ቃል ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ባሏ እጅጉ በዚሁ ከተማ በሌላ ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ጠጉሩ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው፣ ድምፁ ከሞተሩ ጋር ሲታገል የጎላ ሰው። የዚያን ጊዜው ሐኪም ባንቺአየሁንና ቢሰጥን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ በሽታው ጉበቱን ጨርሶታል፣ ውሰዱት፣ ከአምስት ወር አያልፍም አላቸው። ባንቺአየሁ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ አልጋው ተመለሰች።

«ምን አሉ?» አላት እጅጉ።

«ትንሽ ናት አሉ። በመድኃኒት ትሟሟለች።»

እጅጉ ቢሰጥን ዞር ብሎ አየው። ቢሰጥም «በሚካኤል፣ እንዲያ ነው ያሉ» ብሎ ማለለት።

ለሕመምተኛ እንዲያ ነው የሚባል፤ ያልታየ ነገር አላደረገችም። እሷ ግን ከሰው ሁሉ ይልቅ በረታችበት። በአጥሯ በር ላይ ቆማ ጠያቂውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስተምር ነበር። «ከስቷል እንዳትሉት። መልኩ ተመልሷል በሉት። ስለ መኸሩ ጠይቁት። እንዳታለቅሱብኝ፤ የሚያለቅስ ካለ ከዚሁ ይመለስ።» ሰውም ትምህርቱን ይዞ ይገባል፣ የተማረውን ብሎ ይወጣል። እጅጉ በሰባተኛው ወር ሞተ። አገሩ ሁሉ «እንዴት ያለች ሴት ናት፤ ሳያስጨንቁት ሸኘችው» ብሎ አመሰገናት። 

ባንቺአየሁ ለራሷ የያዘችው መጽናኛ አንድ ነበር፤ እጅጉ ሁሉንም ያውቅ ነበር የሚል። በመጨረሻው ሳምንት እጇን ይዞ ለረጅም ጊዜ አይቷት ነበር። አውቆ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለ፣ ትል ነበር። ይህን ይዛ ከሦስት ዓመት በላይ በሰላም ተኝታለች።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ከቢሰጥ ጎን ተቀመጠች። ቢሰጥ በሦስት ዓመት ታናሿ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ እሷ ገደሉን ታያለች፤ እሱ ብርቱካን ይልጣል።

«ቢሰጥ።»

«ወዬ፣ እታለም።»

«እኔ ስወጣ ወደ ኋላ ቀርተህ ምን አለህ?»

«ማን?»

«ሐኪሙ ነዋ።»

«ወረቀቱን ሰጠኝ እንጂ ሌላ ምን ይለኛል?»

«ወረቀት ለመስጠት ያን ያህል?»

«ማኅተም እስኪያስመታ ነው! በሚካኤል ስልሽ!»

«ሚካኤልን ተወው። ያን ጊዜም በእሱ ምለሃል።»

ቢሰጥ ብርቱካኑን መላጥ አቆመ። «ለዚያ ንስሐ ገብቼበታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባ ወልደ ሥላሴ አርባ ስግደት ሰጥተውኝ ጨርሻለሁ።»

«አርባ ብቻ? ቀላል ነው እንግዲያ። አሁንም አይከብድህም።»

የድልድዩ ኬላ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ የይለፍ ወረቀቱን እያሳየ አለፈ። ወታደሩ የእሷን ወረቀት አገላብጦ አየና «ለሕክምና ይላል፤ ምን ሆነሽ ነው?» አላት። እሷ ሳትመልስ ቢሰጥ ጮኾ «ድናለች!» አለ። ወታደሩ ሳቀበት። ባንቺአየሁ አልሳቀችም። ይህን ያህል መጮኽ ለምን አስፈለገው አለች በልቧ።

ፍኖተ ሰላም በገቡ ማግስት ጠያቂው ጎረፈ። ቢሰጥ ለመጣው ሁሉ እውነቱን ነገረ። ስምንት ሚሊ ሜትር ናት፣ ንፍፊት አልነካችም፣ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱ ላያስፈልጋት ይችላል ብሏል፣ እያለ። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲወጣም ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። «በርታ። አንጀትህን ማሰር ነው። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»

«እውነቴን እኮ ነው!» ይላል ቢሰጥ።

«አዎ፣ እንዲያ በላት።»

ባንቺአየሁ በመስኮት ስታይ የቢሰጥ ሚስት ሲሳይነሽ በአጥሩ በር ላይ ቆማለች። የሚገባውን ሰው ክንድ ይዛ በጆሮው የሆነ ነገር ትነግረዋለች። ባንቺአየሁ ምን እንደምትለው መስማት አላስፈለጋትም። ቀጥለው የገቡት ጎረቤቷ እሜቴ ቻይነሽ ነበሩ። ገና ከደጃፉ «ውይ ልጄ፣ መልክሽ ተመልሷል!» አሉ።

«ተመልሷል?»

«ምን ተመልሷል ብቻ! ፊትሽ በርቷል እንጂ። መኸሩስ? የእናንተ መሬት ጤፉ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

እሜቴ ቻይነሽ በእጅጉ ጊዜ የተማሩትን አልረሱም። ባንቺአየሁ «ደኅና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሥላሴ መጡ። ስለ ሕመሟ አንድም አልጠየቁም። ስለ ግሽ ዓባይ ጠበል ትንሽ ካወሩ በኋላ፣ «መቁረብ ደግ ነው፤ ለጤነኛም ቢሆን ደግ ነው» አሉ። ለጤነኛም ቢሆን ያሏት ነገር ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አሳደራት።

ባንቺአየሁ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሕፃን ቀሚስ፣ አንዳንዴም የሙሽራ ትሰፋለች። በአራተኛው ቀን ከስፌት መኪናዋ ሥር የልኬት ሜትሯን አውጥታ ስምንቱን ትናንሽ መስመሮች በጥፍሯ ቆጠረች። ዕጢዋ ከሕፃን ቀሚስ ቁልፍ ታንሳለች። እንዲህ ያለች ነገር ሰው ትገድላለች? የእጅጉስ ስንት ነበር? ማንም አልለካላትም።

የቸገራት ነገር ግልጽ ነው። ሐኪሙ ያለው እውነት ከሆነ ልታስብበት የሚገባ ነገር አላት። ስድስት ጊዜ አዲስ አበባ መውጣት አለ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለአንዱ ይለፍ እንኳ ሁለት ሳምንት አመላልሷታል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ንግሥቴን ለአራት ወር ለሲሳይነሽ መተው አለ። የደሟ ኃይል ሲወርድ በመንገድ የሚይዛት ሳል ሊጥላት ይችላል። በሌላው ወገን ደግሞ ከመቶ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ሆና መድኃኒቱን ከተወች ንግሥቴን ያለ እናት ታስቀራለች። ይህን ሁሉ ማመዛዘን ትችላለች፤ ጨርቅ ሳይበቃ ለሁለት ልጅ ቀሚስ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። ነገር ግን የሰጧት ልክ እውነተኛ መሆኑን ካላወቀች በምን ላይ ትቆርጣለች? ውሸት ከሆነ ደግሞ ሞቷን አውቃ ቤቷን ማዘጋጀት አለባት፤ ልጅቷን ለማን እንደምትሰጥ መናገር አለባት። ቀኑ ወደ ኅዳር እየገፋ ነው። እውነቱን የሚነግራት ሰው ግን በአገሩ የለም፤ የሚወዳት ሁሉ ይዋሻታል።

ስለዚህ የማይወዳትን ሰው ፈለገች።

ቡሬ ከተማ ውስጥ ገብረሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ መኖራቸውን ከደንበኞቿ ሰምታለች። የአዊ ሰው ናቸው። ብዙ ዘመን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ባንቺአየሁ መንገዱን ሁሉ ስታስብ የቆየችው እንዴት አድርጋ እንደምታስነብባቸው ነው። የጎረቤቴ ወረቀት ነው ብትል ያውቁባታል። እህቴ ታማብኝ ብትል ለእህቷ ብለው ይሸፍናሉ። ማንም የማይዋሽለት አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የሞተ ሰው።

በገበያ ቀን ጠዋት ለእጅጉ ለብሳው የነበረውን ከልና ቢሰጥ የሰጣትን የሆስፒታል ወረቀት ከሳጥኑ አወጣች። ለንግሥቴ «ማንኩሳ ለቅሶ አለብኝ» ብላ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ቡሬ ገባች።

መድኃኒት ቤቱ ከገበያው ጥግ ነበር። አንዲት ገበሬ ሴት ባንኮኒውን ተደግፋ አንዱን በአገውኛ አንዱን በአማርኛ ከሽማግሌው ጋር ትከራከራለች።

«የሰው መድኃኒት ነው የምሸጠው አልኩሽ እኮ» ይላሉ ገብረሰንበት።

«ላሜ ከባሌ ትበልጥብኛለች። ለባሌ የምትሰጠውን ስጠኝ።»

«ባልሽ ይህን ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ላሚቱ ትዳን ብሎ የላከኝ እሱ ነው።»

ሽማግሌው እየሳቁ ሸኟትና ባንቺአየሁን አዩ። ከሉን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። ማን ሞተብሽ?»

«እህቴ። ሰልስቷ ትናንት ወጣ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። «የሆስፒታል ወረቀት አላት። በምን እንደ ሞተች አልገባንም፤ የሚያነብልን አጣን። እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው።»

ገብረሰንበት ወፍራም መነጽራቸውን አጠለቁ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ስሟን አነበቡ። «ባንቺአየሁ። ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አለች ባንቺአየሁ።

አንድ ጊዜ አነበቡት። ወደ ላይ ተመልሰው ደገሙት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተቆጥቶ ነበር።

«ይህች ሴት በምን ሞተች?»

«በዚሁ ነዋ።»

«በዚህ አልሞተችም!» ወረቀቱን በጣታቸው መቱት። «ሃያ ሁለት ዓመት በማይክሮስኮፕ ይህን ሳይ ነው የኖርኩ። ስምንት ሚሊ ሜትር። ንፍፊቶቿ አሥራ ሁለቱም ንጹሕ። ይህ ሰው አይገድልም፤ ቢገድልም በዓመታት ነው እንጂ በወር አይደለም። ወረቀቱ ከተጻፈ ወር አልሞላውም እኮ። ምን አደረጋችኋት? በር ዘግታችሁ አለቀሳችሁባት? ወይስ ያንን መድኃኒት ሰጧት?»

«መድኃኒቱን መውሰድ ነበረባት?»

«አሁን ማወቁ ለእሷ ምን ይረባታል?»

«ለእሷ አይደለም፤ ለእኛ ነው። ይህን ባደረግን ኖሮ እያልን እንዳንኖር።»

ገብረሰንበት በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ። ቁጣቸው በረደ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። በማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ የሥጋ ቁራጭ እንጂ ሴትዮዋን አላይም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የሄዱ ሴቶች ከዓመታት በኋላ እየመጡ ሰላም ይሉኝ ነበር። የወሰዱም ያልወሰዱም። ስሚኝ፤ አንዲት ደግሞ ነበረች። ይህን የመሰለ ወረቀት በእጄ የጻፍኩላት፣ ሳቂታ ሴት። በአራተኛው ዓመት ወገቧን ይዛ ተመለሰች። አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ያንን የድሮውን መስታወት አውጥቼ ስንት ጊዜ አየሁት። ከሌሎቹ በምን እንደተለየ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እህቴ የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?»

«አልወጋትም ነበር» አሉ። ወረቀቱን እየመለሱላት፣ «እንዲህ የምልሽ ግን ልጄ ስላልሆነች ይሆናል» አሉ።

ባንቺአየሁ አመነቻቸው። ሰው ተቆጥቶ አይዋሽም። ያቺን ወገቧን የያዘች ሴትም ለማጽናናት አያነሷትም። አመስግና ወረቀቱን አጠፈችና መሬት ያስቀመጠችውን ዘንቢል ብድግ አደረገች።

«በቀኝሽ አትሸከሚ» አሉ ገብረሰንበት ከኋላዋ። «ገና ነው። ንፍፊት የወጣበት ክንድሽ ያብጥብሻል።»

እጇ ዘንቢሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞር ስትል ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አለች። «ከማንበብዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«ሂጂ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «መኪናው ያመልጥሻል።»

እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሌላ ነገር አላሰበችም። በፊት ካወቁ ቁጣውም የማጽናኛ ነው፤ የተመለሰችው ሴትም እውነት ለማስመሰል የገባች ናት። በኋላ ካወቁ ሁሉም እውነት ነው። ከል ለብሳ፣ የራሷን ነፍስ አስምራ፣ አሜን ብላ የሄደችበት ነገር በመጨረሻዋ ደቂቃ ከእጇ ወደቀ። ሹፌሩ «ማን ነው የሞተብሽ፣ እቴ?» ቢላት «አላወቅሁም» አለችው። ሰውየው ደንግጦ ዳግመኛ አላናገራትም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቢሰጥ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እሷ ጎራ ብሎ፣ እንደ ልማዱ በስፌት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል። ንግሥቴ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ባንቺአየሁ ግማሽ የተሰፋ ኮሌታ መኪናው ላይ ትታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ቢሰጥ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ስለ እኔ አይደለም።»

«ጠይቂኝ።»

«እጅጉ ያውቅ ነበር?»

ቢሰጥ እስክሪብቶውን ደብተሩ መሐል አስቀመጠ። «ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊ?»

«የምፈልገውን አትጠይቀኝ። አንተ ከእሱ ጋር ብቻህን ትቀመጥ ነበር። አንድም ቀን መሞቴ ነው አላለህም?»

ቢሰጥ የተከፈተውን ደብተር ዘጋው። ባንቺአየሁ ፊቱን ታየዋለች። ሊላት የሚችለውን ጥሩ ነገር ታውቀዋለች፤ ያውቅ ነበር፣ አንቺን ላለማስከፋት ነው ዝም ያለው፣ ሊላት ይችላል። ለመናገር የቀለለ፣ ለመስማትም የቀለለ።

«አላወቀም» አለ ቢሰጥ። «አምኖሽ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የወፍጮውን የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ከደብረ ማርቆስ አስመጣልኝ አለኝ። ስነሣ እቀይረዋለሁ አለ። አስመጣሁለት። አልጋው ሥር አስገብቶ ማታ ማታ በእጁ ይዳስሰው ነበር። እኔ አንድ ቀን ሆዴ አልችል ብሎ፣ ለንግሥቴ የምትላት ነገር የለህም ወይ አልኩት። አለኝ አለ። ትንሽ ከፍ ትበል፣ እኔም በእግሬ ልቁም፣ ያን ጊዜ አስቀምጬ እነግራታለሁ አለ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አይቸኩልም አለኝ።» ቢሰጥ ደብተሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ሰዎች እኮ አንዳንዴ ይደብቁሃል ብዬ ጫፉን ነካሁት፣ እታለም። ሳቀብኝ። ባንቺአየሁ ዋሽታኝ አታውቅም አለኝ።»

ውጭ የጎረቤት ዶሮዎች ይጫጫሉ። ባንቺአየሁ ኮሌታውን አነሣች፤ ያለ ምክንያት አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። እጇን ይዞ የቆየበት ያ ረጅም ጊዜ ምን እንደነበረ አሁን ገባት። ስንብት አልነበረም። አዲስ ቺንጊያ አልጋው ሥር ያለው ሰው፣ ነገ የሚነሣ ሰው፣ ሚስቱን ማየቱ ነበር።

አላለቀሰችም። ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ሁሉ መራራ ነገር ሥር፣ አንድ ሌላ ነገር ገባት። ወንድሟ ይህን ሊደብቃት ይችል ነበር፤ አልደበቃትም። እንዲህ ያለውን የሚነግራት ሰው ስለ ስምንት ሚሊ ሜትር አይዋሻትም። የሐኪሙም ቁጥር እውነተኛ ቁጥር ነበር። ዘጠናው ዘጠና ነው፤ ሁለቱም ሁለት ናቸው። ስትፈልገው የነበረውን አገኘችው። ያገኘችበት መንገድ ግን የነበራትን አንድ መጽናኛ ይዞ ሄደ።

«ወረቀት አውጣ» አለችው።

«ምን ልጽፍ?»

«ለሐኪሙ ነው። አስቤበታለሁ በለው። መድኃኒቱን አልወስድም በለው። በየስድስት ወሩ ነይ ካለኝ እመጣለሁ፤ ይመርምረኝ።»

«እታለም፣ ከሁለቱ አንዷ ብትሆኚስ?»

«ልሆን እችላለሁ። አውቄው ነው።» ኮሌታውን ወደ ጎን አደረገች። «ያቺ አንዷ ማን እንደሆነች እሱም አያውቅም፤ አንተም አታውቅም። ለሁለት ሰው ሲባል ዘጠና ስምንት ሴት የምትወጋበት መድኃኒት ነው። እኔ ያን አራት ወር ከልጄ ጋር እፈልገዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ተሳስቼ ነው፤ እኔ ራሴ ተሳስቼ። ግን አንድ ነገር። ተመልሶ ከመጣ ለእኔ ነው የምትነግረኝ። ለሲሳይነሽ አይደለም፤ በር ላይ ለሚቆም ሰው አይደለም። እሺ?»

«እሺ።» እጁን ወደ ላይ ሊያነሣ ሲል አየችው።

«አትማልልኝ!»

እጁን መለሰው። ጻፈ። አነበበላት። «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን አስወጣችውና በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል ስሟን ፈረመች። ቢሰጥ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና ሊነሣ ደብተሮቹን ሰበሰበ።

«ተቀመጥ» አለችው። «የእጅጉን አልጨረስክልኝም። ከመጀመሪያው ጀምር። እኔ በሌለሁበት ያለውን ሁሉ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም። ጀምር።»

ጀመረ። እጅጉ ስለ ወፍጮው ምን እንዳሰበ፣ ለመጪው ፋሲካ ማንን ልጥራ እንዳለ፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጫማው እንዲጠረግለት ማዘዙን ነገራት። ባንቺአየሁ አንዱንም ሳታቋርጥ ሰማች። ጫማው ላይ ሲደርስ የአጥሩ በር ተንቋቋ፤ የንግሥቴ እንስራ ግድግዳውን ሲነካ ተሰማ። ቢሰጥ ቃሉን ገታ።

«ዝም ልበል?»

«አትበል» አለች ባንቺአየሁ። «ትግባና ትስማ።»